ሚሼል ሌሪስ

ሚሼል ሌሪስ (እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 20 ቀን 1901 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1990) ፈረንሳዊ ጸሐፊ፣ ገጣሚና የሥነ ሰብ ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ውስጥ ለአምስት ወራት ያህል ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት አጥንቷል። ይህ ጥናቱ ሥነ ሰብን፣ ሳይኮአናሊሲስን፣ ግጥምንና ቴያትርን በአንድነት በማጣመሩ በሥነ ልቡና ምርምር ውስጥ ያልተለመደ መንገድ ከከፈቱት ሥራዎች አንዱ ነው። በባለ ዛር ላይ የሚታየው ሁኔታ በሽታ ነው ወይስ ማስመሰል ለሚለው ክርክር ሌሪስ ከሁለቱ የተለየ መልስ ሰጥቷል።

የወጣትነት ዘመን

ሌሪስ በፓሪስ ከተማ ኑሮው ከተደላደለ ቤተሰብ ተወለደ። በመጀመሪያ የኬሚስትሪ ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ትምህርቱን ትቶ ወደ ግጥም አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1924 ሕልምንና ድብቅ ሐሳብን የጥበብ ምንጭ ያደርጉ ከነበሩት የሱሪያሊዝም አራማጆች ጋር ተቀላቀለ፤ በ1929 ከእነርሱ ተለየ። በ1926 ሉዊዝ ጎዶንን አገባ።

በእነዚያ ዓመታት ሌሪስ በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ይሠቃይ ነበር። በወዳጁ በዦርዥ ባታይ ምክር ከ1929 ጀምሮ አድሪያን ቦሬል በተባለ ሐኪም ዘንድ የሳይኮአናሊሲስ ሕክምና ተከታተለ። ስለዚህ የሰው ልቡና ጥያቄ ለሌሪስ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የራሱም ሕመም ነበር። በዚሁ ጊዜ ዶኩማን በተባለ መጽሔት ሲሠራ ማርሴል ግሪዮል ከተባለ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ጋር ተዋወቀ።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት ጉዞ

ግሪዮል ኢትዮጵያን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 እና በ1929 መጥቶ በጎጃም ተዘዋውሯል፤ ይህን ጉዞ የሚተርክ መጽሐፍም በ1934 አሳትሟል። በ1930 ደግሞ የአንድ ደብተራን የመድኃኒትና የአስማት መጽሐፍ ተርጉሞ ለፈረንሳይ አንባብያን አቅርቧል።

ይኸው ግሪዮል ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያቋርጥ የምርምር ጉዞ ሲያዘጋጅ ሌሪስን በጸሐፊነትና በመዝገብ ያዥነት ወሰደው። ጉዞው በሜይ 1931 ተጀምሮ በፌብሩዋሪ 1933 ተጠናቀቀ። ቡድኑ በሱዳን በኩል አልፎ ድንበሩ ላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ከቆየ በኋላ፣ በጁላይ 1932 መጀመሪያ (በሰኔ 1924 ዓ.ም. መጨረሻ) ጎንደር ገብቶ በኢጣሊያ ቆንስላ ግቢ ሰፈረ።

በጎንደር

በጎንደር፣ በጎጃም፣ በወሎና በሸዋ በነበረው እምነት ዛር በሰው ላይ የሚያድር፣ ሰውንም እንደ ፈረስ የሚጋልብ መንፈስ ነው። ሰው ሲታመም ወደ ባለ ዛር ይወሰዳል፤ እጣን ይጤሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ከበሮ ይመታል፣ ይጨበጨባል። መንፈሱ ሲመጣ ታማሚው ያጓራል፤ ከዚያ ዛሩ ስሙን ተናግሮ ጌጥ፣ ልብስ፣ ሽቱ ወይም የተወሰነ መልክ ያለው እንስሳ ይጠይቃል። የጠየቀውን ካገኘ ከሰውየው ጋር ቃል ኪዳን ይገባል እንጂ ለዘለቄታው አይወጣም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ ዛርን ርኩስ መንፈስ ብላ ታወግዛለች፤ ምእመናንም መፍትሔውን በጠበልና በጸሎት ይፈልጋሉ።

ሌሪስ ወደዚህ ዓለም የገባው በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ረዳትነት ነው። አባ ጀሮም የተማሩ ኢትዮጵያዊ ሲሆኑ፣ ከማስተርጎም አልፈው የዛር ዘፈኖችንና ንግግሮችን በአማርኛ በማስታወሻ ደብተር እየጻፉ ያቆዩ ናቸው። ሌሪስ አማርኛ የሚያውቀው በጥቂቱ በመሆኑ የጥናቱ መሠረት በአብዛኛው የእርሳቸው ሥራ ነበር።

የጥናቱ ማዕከል የወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት ሆነ። መልካም አየሁ በዕድሜ የገፉ ባለ ዛር ሲሆኑ፣ በዙሪያቸው በአብዛኛው ሴቶች የሆኑ ታማሚዎችና ተከታዮች ይሰበሰቡ ነበር። ሌሪስ ለሥርዓቱ የሚታረዱ እንስሳትን በገንዘቡ እየገዛ ከተሰብሳቢዎቹ ጋር ዋለ፣ አደረ። የመልካም አየሁ ልጅ በሆነችው በእማዋይሽ ልቡ እንደ ተሳበም በዕለት ማስታወሻው አልሸሸገም። ነገር ግን ስጦታ በሚጠይቁት ሰዎችና በእርሱ መካከል ያለው ግንኙነት እውነተኛ ወዳጅነት ይሁን ወይም የገንዘብ ጉዳይ መለየት አቃተው። ራሱን ረስቶ እንደ እነርሱ መሆን ቢመኝም፣ በእጁ ከያዘው ደብተር ሊላቀቅ አልቻለም።

ስለ ዛር ያቀረበው ሐሳብ

ሌሪስ ስለ ዛር የጻፋቸው ጽሑፎች ከ1933 ጀምሮ ታተሙ። ከእነዚህ አንዱ በ1938 የወጣው በፈረንሳይ የሥነ ልቡና መጽሔት ላይ ነው። ዋናው ሥራው ግን በጎንደር ሰዎች ዘንድ የመንፈስ ማደርንና የቴያትር ገጽታዎቹን የሚመረምረው፣ በ1958 የታተመው መጽሐፍ ነው።

በዚያ ዘመን በአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ መንፈስ ያደረበት ሰው ሁኔታ ብዙውን ጊዜ ሂስቴሪያ በሚባለው የነርቭ በሽታ ይመደብ ነበር። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ማታለል ብለው ያልፉት ነበር። ሌሪስ በመልካም አየሁ ቤት ያየው ግን ለሁለቱም አልመች አለው። ዛሮች እንደ ሰው ጾታ፣ ማዕረግ፣ ዘርና ሃይማኖት አላቸው። መልካም አየሁ ብዙ ዛሮች ያደሩባቸው ሲሆን፣ እንደ መጣው ዛር ንግግራቸው፣ አካሄዳቸውና ጠባያቸው ይለወጥ ነበር። ሲቆጡ አንዱ ዛር፣ ሲለግሱ ሌላው፣ ሲቀልዱ ደግሞ ሦስተኛው እንደ መጣ ይነገራል። ሌሪስ ይህን በሣጥን ካለ ልብስ ጋር አመሳሰለው፤ ሰውየው እንደ ሁኔታው አንዱን ማንነት አውልቆ ሌላውን ይለብሳል።

ከዚህ ተነሥቶ የሚጫወቱት ቴያትርና የሚኖሩት ቴያትር የተለያዩ ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ተዋናይ ሌላ ሰው እንደሚጫወት ያውቃል። ባለ ዛር ግን የሚያደርገውን ያምንበታል፤ ሆኖም ሥርዓቱን፣ ዘፈኑንና እንቅስቃሴውን አስቀድሞ ከሌሎች ተምሯል። ስለዚህ እምነትና ትወና በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ፈውሱም የሚገኘው ታማሚው ለስሜቱ ስም ሲያገኝለትና ተመልካቾች ሲቀበሉት ነው። ዛር ያደረባት ሴት በሌላ ጊዜ የተከለከለችውን በዛሯ ስም ልትናገር፣ ልታዝዝና ልትከበር መቻሏም ከጥናቱ ዐበይት ነጥቦች አንዱ ነው።

ነቀፌታ

ሌሪስ የዕለት ማስታወሻውን ላፍሪክ ፋንቶም (በግርድፉ «ምትሐታዊት አፍሪካ») በሚል ርእስ በ1934 አሳተመ። በውስጡ የራሱን ሕልም፣ ምኞትና ተስፋ መቁረጥ ከምርምሩ ጋር ቀላቅሎ ስለ ጻፈ ለሳይንስ የማይገባ ነው ተባለ። ቡድኑ በአፍሪካ ቅርሶችን የሰበሰበበትን መንገድ፣ ስርቆትንና ማስገደድን ጨምሮ በመግለጹም ግሪዮል ተቆጣ፤ ወዳጅነታቸውም ሻከረ። በ1941 የቪሺ መንግሥት መጽሐፉን አገደ።

የቡድኑ ሥራ ኢትዮጵያን በቀጥታ ይነካል። ጎንደር አጠገብ ከሚገኘው ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎች ተነሥተው በምትካቸው ሰዓሊው ጋስቶን ልዊ ሩ ከጓደኞቹ ጋር የሠራቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። ሥዕሎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ሌሪስ የዚህ ሥራ ተካፋይ ስለ ነበር፣ ጽሑፉ ምስክርነትም ኑዛዜም ተደርጎ ይነበባል።

የኋላ ሕይወቱና ተጽዕኖው

ሌሪስ ከጉዞው ከተመለሰ በኋላ በፓሪስ የሰው ሙዚየም ለአሥርት ዓመታት አገለገለ። በ1939 ስለ ራሱ ሕይወት በግልጽ የጻፈበትን ላዥ ዶም (የጎልማሳነት ዕድሜ) አሳተመ። ከ1948 እስከ 1976 ደግሞ አራት ቅጾች ያሉት የሕይወት ታሪኩ ወጣ። በ1950 የሥነ ሰብ ምርምር ከቅኝ አገዛዝ ጋር ያለውን ትስስር የሚተች ጽሑፍ አቀረበ፤ በ1951 ዘረኝነትን የሚቃወም ሥራው በዩኔስኮ ታተመ። በ1990 በ89 ዓመቱ በፈረንሳይ አረፈ።

መጽሐፉ በወጣበት በ1958 አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ ስለ ጎንደር ዛር ባሳተመው ጥናት ሥርዓቱን እንደ ቡድን ሕክምና ተመልክቶታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1994 ባሳተመው የምርመራ መመሪያ ዛርን ከባህል ጋር በተያያዙ ሁኔታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ፣ በአካባቢው ሰዎች ዘንድ እንደ በሽታ እንደማይቆጠር ጠቅሷል። በመልካም አየሁ ቤት የተነሣው ጥያቄ፣ ማለትም የአንድ ሰው ማንነት አንድ ነው ወይስ ብዙ የሚለው፣ እስከ ዛሬ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎችን ያከራክራል።