ቤታቸውን ለተማሪ የሰጡ ንጉሥ

ከአሽቀሎን ተነስታችሁ አዲስ አበባን ለመጎብኘት የምትሄዱ ልጆች፣ ስድስት ኪሎ ስትደርሱ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ። እዚያ የምታገኙት ሙዚየም ድሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ ነበር፤ ስሙም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይባላል። ወላጆቻችሁ ጃንሆይ ሲሉ የምትሰሙት እሳቸውን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ተፈሪ መኰንን በ1892 በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። በ1930 ነግሠው ኃይለ ሥላሴ ተባሉ። ገነተ ልዑልንም ያሠሩት በእነዚያው ዓመታት ነው፤ ግን ብዙም ሳይኖሩበት ጣሊያን ወረረ። በ1936 ተሰደዱ፤ በመርከብ ሐይፋ ወርደው ኢየሩሳሌም ጥቂት ከቆዩ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ።

ቤቱን ግራዚያኒ ያዘው። በየካቲት 12 ቦምብ የተወረወረበት እዚያው ግቢ ነው፤ በበቀል የተጨፈጨፈው ሕዝብ ዛሬም ይታሰባል። ፋሽስቶቹ የሥልጣን ዘመናቸውን የሚቆጥር ደረጃ በግቢው ሠርተው ነበር። ከነፃነት በኋላ ግን አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

ጃንሆይ በ1941 ተመለሱ። በታኅሣሥ 1960 ብራዚል ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። ሙከራው ሲከሽፍ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ የታሰሩት መኳንንት በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ ሳሎን ተገደሉ። ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ ትምህርት ቤት ሆነ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም በ1963 ተመሠረተ፤ ሙዚየሙ የእሱ ነው። የንጉሡ መኝታ ክፍል ዛሬም እንዳለ ይታያል።

ታዲያ ነገሩ እዚህ አላበቃም። ንጉሡ በሰጡት ግቢ የተማሩ ልጆች በ1965 አደባባይ ወጥተው መሬት ለሚያርሰው ይሰጥ አሉ። ይህ ጥያቄ የእኛም ነበር፤ በጎንደር ከነበሩት አያቶቻችን ብዙዎቹ ርስት አልነበራቸውም፣ የሰው መሬት ነበር የሚያርሱት። ጥያቄው ሳይመለስ የወሎ ረሃብ መጣ። ጃንሆይ በ1974 ከዙፋን ወረዱ፣ በ1975 በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ፤ በክብር የተቀበሩት በ2000 ነው።

ለትምህርት የተሰጠ ቤት እንዲህ ነው፤ ሰጪውንም ሳይቀር የሚጠይቅ ልጅ ያሳድጋል። ጃንሆይን ከነስጦታቸውም ከነጥፋታቸውም ማወቅ ይገባናል። ወጣቶች፣ ሙዚየሙን ከማየታችሁ በፊት አያቶቻችሁ የማንን መሬት ያርሱ እንደነበር ጠይቁ። ወላጆችም እባካችሁ ንገሯቸው።