የአርተር ራምቦ የመጨረሻ ሕመም፦ ከሐረር እስከ ማርሴይ

አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1854 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በሻርልቪል ከተማ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስሙን ያስጠሩትን ግጥሞች ገና በወጣትነቱ ጽፎ ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላ ብዕሩ ለደብዳቤና ለሒሳብ መዝገብ ብቻ ዋለ። በዲሴምበር 1880 ኤደን ለነበረው የባርዴ ንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር ሲገባ ከተማዋ በግብጾች እጅ ነበረች። በ1888 ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ በራሱ ስም ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ መነገድ ሲጀምር ደግሞ ግብጾቹ ወጥተው፣ አሚሩም በጨለንቆ ተሸንፈው፣ አገሩን የሚያስተዳድሩት በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኮንን ነበሩ። ዛሬ ጁገል ውስጥ በስሙ የሚጠራው ባለ ፎቅ ቤት አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ራምቦ የታመመው እዚያ አልነበረም።

በፌብሩዋሪ 1891 ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። የእግር ደም ሥር ማበጥ መስሎት እናቱ ለዚያ የሚሆን ረጅም ካልሲ እንድትልክለት ጻፈ። ምክንያቱን በፈረስ ግልቢያ፣ በረጅም የእግር መንገድና በአየሩ አሳበበ፤ በዚያው እግር መጓዙንም አላቆመም። በኋላ የሕይወት ታሪኩን ከጻፉት ብዙዎቹ ይህንኑ ግምት ተቀብለው ሐረርንና መንገዷን ተጠያቂ ማድረግ ቀንቷቸዋል። የሕዋስ ሳይንስ ግን ለዚህ ክስ ድጋፍ አይሰጥም።

አጥንት ሕያው አካል ነው፤ የሚገነቡትና የሚያፈርሱት ሕዋሳት በውስጡ ያለማቋረጥ ይሠራሉ። ጤነኛ ሕዋስ የሚከፈለው ትእዛዝ ሲደርሰው ነው፤ ቁም ሲባልም ይቆማል። በዘረመሉ ላይ ጉዳት ተደራርቦ ይህ ልጓም ሲበጠስ ግን አንዱ ሕዋስ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ ዕጢ ይሠራሉ። ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ካንሰር ከሁሉ ይልቅ የሚነሣው በጉልበት አካባቢ ነው። ዕጢው የአጥንቱን ሽፋን ሲወጥር ሕመሙ ሌሊት ይበረታል፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ጡንቻው ይመነምናል። ግልቢያ ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ አይፈጥረውም።

በማርች አጋማሽ ራምቦ መነሣት ተሳነው። አልጋውን ከገንዘብ ሣጥኑና ከመዝገቦቹ አጠገብ አስደርጎ፣ ግቢ ውስጥ የቆመውን ሚዛን በመስኮት እያየ ንግዱን መራ። በመጨረሻ ዕቃውን በኪሣራ ሸጦ ኤፕሪል 7 ቀን 16 ተሸካሚዎች በተቀጠሩለት ቃሬዛ ላይ ተኝቶ ከሐረር ወጣ። እስከ ዘይላ ያለውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በ12 ቀን ያህል ጨረሰ፤ ዝናብም መጠለያ በሌለበት ደበደበው።

ኤደን የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሕመሙን የመገጣጠሚያ ሽፋን ብግነት አለው። ይህ ስም ለቤተ ሰቡ እንግዳ አልነበረም፤ እህቱ ቪታሊ በ1875፣ በ17 ዓመቷ የሞተችው በዚሁ ስም በተጠራ በሽታ ነበር። ስሕተቱም የሚያስወቅስ አይደለም። በብግነት ጊዜ የመከላከያ ሕዋሳትና ፈሳሽ ከደም ወጥተው ወደ ተጎዳው ስፍራ ይጎርፋሉ፤ በካንሰር ጊዜ የሚበዙት የስፍራው የራሱ ሕዋሳት ናቸው። ከውጭ ለሚዳስስ እጅ ግን ሁለቱም እብጠት፣ ሕመምና ድርቀት ናቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ፣ በሽታም በሕዋስ ደረጃ መመርመር እንዳለበት ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርኾ በ1858 አስተምሮ ነበር፤ አጥንትን ሳይቀዱ የሚያሳየው ራጅ ግን የተገኘው በ1895፣ ከራምቦ ሞት አራት ዓመት በኋላ ነው።

ሜይ 20 ቀን ማርሴይ ደርሶ ኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ገባ። ሐኪሞቹ የጭን ዕጢ መሆኑን ለይተው በዚያው ወር መጨረሻ እግሩን ቆረጡት። ቁስሉ ደህና ጠገገ፤ እርሱም የእንጨት እግር ሊለማመድና ወደ ሐረር ሊመለስ አሰበ። በጁላይ ወደ ቤተ ሰቡ እርሻ ሄደ፤ ነገር ግን በኦገስት መጨረሻ እህቱ ኢዛቤል ይዛው ወደዚያው ሆስፒታል ተመለሰ። የቀረው ጭኑ አብጦ፣ እጆቹም እየሰነፉ ነበር።

ከዕጢው የተላቀቁ ሕዋሳት በደም ተጉዘው ሌላ አካል ውስጥ መብቀላቸው ሜታስታሲስ ይባላል። እንግሊዛዊው ስቲቨን ፓጄት በ1889 ይህን በዘርና በአፈር መስሎ ገልጾት ነበር፤ ዘሩ ሁሉ ቦታ ቢወድቅም የሚበቅለው በሚስማማው መሬት ነው። ዘር ከተበተነ በኋላ ግንዱን መቁረጥ ብቻውን አይበቃም። የካንሰር ሕዋስን የሚገድሉ መድኃኒቶች በ1970ዎቹ ለዚህ በሽታ እስኪውሉ ድረስ፣ በኦስቲዮሳርኮማ እግራቸው በጊዜው ከተቆረጠ ሕሙማን እንኳ ከአምስቱ አራቱ ገደማ በሽታው ተመልሶባቸዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሳንባ። ራምቦ ሁለት ወር ቀድሞ ቢወጣ ይድን ነበር የሚለው ቁጭት እንግዲህ ጠንካራ መሠረት የለውም። የቃሬዛው መንገድ አሠቃየው፤ የገደለው ግን ከሐረር ሲወጣ ሳይበተን አልቀረም።

ኖቬምበር 10 ቀን 1891፣ በ37 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እየቃዠ ደጋግሞ የጠራው ሐረር የተወውን አገልጋዩን ጃሚን ነበር፤ 3,000 ፍራንክም ተናዘዘለት። ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ጃሚም ሞቶ ስለ ነበር ለወራሾቹ ተሰጠ።