ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ

ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ (1885 – ነሐሴ 9 ቀን 1972 ዓ.ም.) የኢትዮጵያ መስፍን፣ የጦር አዛዥ፣ አገረ ገዥ፣ ዲፕሎማትና ጸሐፊ ነበሩ። በሁለተኛው የኢትዮጵያና የጣሊያን ጦርነት የሽሬን ግንባር መርተዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአገር ሲወጡ እንደራሴ ሆነው ተሹመው፣ በኢሉባቦርና በከፋ የቡና አገሮች እስከ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተዋግተዋል። የተያዙትም ከጅማ በስተደቡብ በጎጀብ ወንዝ ዳር ነው። ራስ እምሩ ከተከዜ እስከ ጎጀብ ባደረጉት ጉዞ ሠራዊታቸውን ከሁሉ በላይ የጎዳው የጣሊያን የጦር አውሮፕላን ነበር። በዚህም የተነሳ የሕይወት ታሪካቸው ኢትዮጵያውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማይ የመጣን ጦርነት እንዴት እንደተቀበሉት ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ ነው።

ልጅነትና ሹመት

እምሩ የደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ልጅ ናቸው። ከደጃዝማች ተፈሪ መኮንን (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) ጋር የሥጋ ዘመዶች ሲሆኑ፣ ሁለቱም በሐረር በልዑል ራስ መኮንን ቤት አብረው አደጉ፤ አብረውም ተማሩ። ይህ የልጅነት ባልንጀርነት እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ባይቋረጥም፣ እምሩ ስለ ጭሰኛውና ስለ መሬት የነበራቸው ሐሳብ ከንጉሠ ነገሥቱ የተለየ ነበር። ከመሬታቸው ለጭሰኞቻቸው በማካፈላቸውም «ቀዩ ራስ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸዋል።

ከልዕልት ጽጌ ማርያም በሻህ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ልጆች አፍርተዋል። ከእነዚህም መካከል ልጅ ሚካኤል እምሩ በ1966 ዓ.ም. ለአጭር ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑ ሲሆን፣ ወይዘሮ ዮዲት እምሩ ደግሞ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሴት አምባሳደር ናቸው።

ራስ እምሩ በሐረርና በወሎ ካገለገሉ በኋላ፣ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከሥልጣን ሲወርዱ በ1924 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጎጃሞች የራሳቸው ገዥ ተነስቶባቸው ከውጭ ሰው ስለመጣባቸው ሹመቱን ሁሉም በደስታ አልተቀበሉትም። ይህ ቅሬታ በጦርነቱ ጊዜ ዋጋ አስከፍሏል።

አውሮፕላን በኢትዮጵያ እስከ 1928 ዓ.ም.

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው በ1921 ዓ.ም. ነው። በ1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት የመንግሥት አውሮፕላን በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ ወረቀትና ቦምብ ጥሏል። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል ናቸው። ይሁንና ጣሊያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ስትወር የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ከአሥራ አምስት አይበልጡም ነበር፤ አብዛኞቹም መሣሪያ የሌላቸው የመልእክትና የማጓጓዣ አውሮፕላኖች ነበሩ። በአንጻሩ ጣሊያን በመቶዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖችን አሰልፋለች። ስለዚህ የጦር ሜዳው ሰማይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ወገን እጅ ነበር።

የሽሬ ግንባር

ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው፣ ከደጃዝማች አያሌው ብሩ የበጌምድር ጦር ጋር በመተባበር ወደ ሽሬ ዘመቱ። አውሮፕላን የሚጎዳው በቀን የሚጓዝንና በአንድ ቦታ የተሰበሰበን ጦር መሆኑን ከሌሎቹ አዛዦች ቀድመው ስለተረዱ፣ ሠራዊታቸው ሌሊት እየተጓዘ ቀን በየጥሻው እንዲደበቅ አደረጉ። ውጤቱም ፈጥኖ ታየ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በፊታውራሪ ሽፈራው የሚመራው ግንባር ቀደም ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና ማለፊያ ላይ የጣሊያንን ጦር አሸነፈ። በዚህ ውጊያ የጣሊያን ትናንሽ ታንኮች በእግረኛ ተከበው ተማርከዋል። ድሉ በጦርነቱ ኢትዮጵያውያን ካገኟቸው ጥቂት ግልጽ ድሎች አንዱ ነው።

ጣሊያኖች የሰጡት መልስ ከአየር ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን፣ አውሮፕላኖች በተከዜ ሸለቆ ላይ መጥተው ከተለመደው ቦምብ የተለየ በርሜል መሰል ነገር ጣሉ። ራስ እምሩ በኋላ እንደተረኩት፣ በርሜሎቹ መሬትና ወንዝ ላይ ሲፈነዱ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጭ ነበር። ፈሳሹ የነካቸው ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸውና ፊታቸው ተላጠ፤ ከወንዙ የጠጡትም ተሠቃይተው ሞቱ። ወታደሩ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ገበሬና ከብቱም ተጎዳ። አዛዦቹ ነገሩ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ ለሠራዊቱ የሚሰጡት ምክርም ሆነ መድኃኒት አልነበራቸውም።

ፈሳሹ የሰናፍጭ ጋዝ (ኢፕሪት) የሚባለው መርዝ ነበር። ጣሊያን በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ የተፈረመውንና የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለውን ስምምነት ካጸደቁ አገሮች አንዷ ነበረች። የጣሊያን መንግሥት በዚህ ጦርነት መርዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው።

የሽሬ ዋና ጦርነት በየካቲት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ተደረገ። የራስ እምሩ ሠራዊት ተዋግቶ ከተሸነፈ በኋላ በሥርዓት ቢያፈገፍግም፣ ወደ ተከዜ መሻገሪያ ሲደርስ በሌሊት መጓዝም ሆነ በጥሻ መደበቅ አልጠቀመውም። ብዙ ሺህ ሰው በጥቂት መሻገሪያዎች ማለፍ ስለነበረበት አውሮፕላኖች በቦምብ፣ በእሳትና በመርዝ ደበደቡት። ከግንባሩ ውጊያ የተረፈው ጦር እዚህ ተበተነ።

እንደራሴነትና ጎሬ

ራስ እምሩ ጎጃም ሲደርሱ አገሩ በደጃዝማች ገሠሠ በለው አመፅ ታውኮ ነበር። ከሠራዊታቸውም አብዛኛው ወደየቤቱ ስለሄደ በጥቂት ተከታዮች ብቻ ቀሩ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ሾሙ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ወደ ጎሬ እንዲዛወር ተወሰነ። በጎሬ ጊዜያዊውን አስተዳደር ይመሩ የነበሩት ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ነበሩ።

ጎሬ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። የኢሉባቦር ቡና በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን የሚወጣባት የንግድ ከተማ ስለነበረች ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኝ በር ነበራት። የምዕራቡ ክረምት ረጅም፣ ደመናው ከባድ፣ ጫካውም ጥቅጥቅ ያለ ነው። በአካባቢው ቡና የሚበቅለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ሲሆን፣ ይህ የዛፍ ጣሪያ ከላይ ለሚመለከት አብራሪ ሰውንም መንገድንም ይሸፍንበታል። በሰሜን ገላጣ አምባዎች ላይ የተጎዳ ጦር የሚፈልገው መጠለያ ይህ ነበር።

የቦናያ ጥቃት

ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ በሚጓዙበት ወቅት፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት እጩ መኮንኖችና ሌሎች የተማሩ ወጣቶች በነቀምት አካባቢ የጥቁር አንበሳ ማኅበርን አቋቁመው ነበር። የማኅበሩ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ሰኔ 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ምዕራቡን ያለ ውጊያ ለማስገበር በነቀምት አቅራቢያ በቦናያ አረፉ። ሰኔ 20 ቀን ሌሊት ወጣቶቹ ጥቃት አድርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ፤ ከተሳፋሪዎቹም አብዛኞቹን ገደሉ። ከሞቱት መካከል የጣሊያን አየር ኃይል ጄኔራል ቪንቼንሶ ማሊዮኮና ታዋቂው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ይገኙበታል። ጣሊያኖች በአጸፋው ነቀምትን በቦምብ ደበደቡ።

ሠራዊቶችን የበተነው አውሮፕላን መሬት ላይ ሲያርፍ ጠመንጃ በያዙ ጥቂት ሰዎች ሊወድም እንደሚችል ቦናያ አሳየ። የጥቁር አንበሳ አባላት ከዚህ በኋላ ከራስ እምሩ ጋር ተገናኝተው መሪያቸው እንዲሆኑ ጠየቁ፤ ራስ እምሩም ተቀበሉ። ማኅበሩ በጽሑፍ የሰፈረ አሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው። ደንቡ ወታደራዊው ክፍል ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬ እንዳይበደልና ምርኮኛ እንዳይገደል ያዝዝ ነበር።

ጅማ፣ ከፋና ጎጀብ

ክረምቱ ሲያልፍ ሰማዩ ጠራ፤ የጣሊያን ጦርም በአውሮፕላን እየታገዘ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ገፋ። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጅማና ጎሬ ተያዙ። ራስ እምሩ ወደ ሸዋ ለመሻገር ያደረጉት ሙከራ ስላልተሳካ ፊታቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ከፋ አዞሩ።

ጫካው ከአውሮፕላን ቢሸፍናቸውም የሕዝቡን ቅሬታ ሊሸፍን አልቻለም። የጅማ መንግሥት የራስ ገዝነቱን ያጣው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ፍጻሜ ጋር ነበር። የአባ ጅፋር የልጅ ልጅ አባ ጆቢርም ታስረው ስለነበር ጣሊያኖች ነጻ አውጥተው ሱልጣን አደረጓቸው። ከፋም ከ1890 ዓ.ም. ወዲህ በገባር ሥርዓትና በባሪያ ንግድ ክፉኛ የተጎዳ አገር ነበር። በወለጋና በአካባቢው ያሉ አንዳንድ የኦሮሞ ባላባቶች ደግሞ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር ለመተዳደር አመልክተው ነበር። በእነዚህ ምክንያቶች ከሰሜን የመጣው ጦር በቡና አገሮች ውስጥ ስንቅም መረጃም እንደ ልቡ አላገኘም። ለዓመታት የተከማቸው የአስተዳደር በደል ለአርበኞቹ ሌላ ግንባር ሆነባቸው።

በመጨረሻም ጅማን ከከፋ በሚለየው በጎጀብ ወንዝ ሰሜናዊ ዳር ተከበቡ። ወንዙ ከፊታቸው፣ የጣሊያን ጦር ከኋላቸው ነበር፤ ጥይትና ስንቅም አልቆ ነበር። ራስ እምሩ ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ። አብረዋቸው ከነበሩት የጥቁር አንበሳ አባላት ብዙዎቹ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የግድያ ሙከራ በኋላ ተገድለዋል። ክፍሌ ነሲቡና የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ብንያም ከእነዚህ መካከል ናቸው።

እስር በጣሊያን

ራስ እምሩ ወደ ጣሊያን ተወስደው በፖንሳ ደሴትና በሌሎች ቦታዎች ታሰሩ። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ቤኒቶ ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር ወደዚያችው ደሴት ተወስዶ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ተቀምጧል።

እርሳቸው በእስር ላይ እያሉ ጅማ በጣሊያኖች እጅ የምዕራቡ ዋና የአየር ማረፊያ ሆነች። በ1933 ዓ.ም. ግን የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ማረፊያውን ደበደበ፤ ከተማይቱም ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። ራስ እምሩ የኅብረቱ ጦር ደቡብ ጣሊያንን ከያዘ በኋላ ተፈተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከነጻነት በኋላ

ከተመለሱ በኋላ የበጌምድር ገዥ ሆነው ሠሩ፤ ቀጥሎም በአሜሪካና በሕንድ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ጠንካራ አየር ኃይል በቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት) እየገነባች ነበር። ሥራውን ለአሥር ዓመት ያህል የመሩት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፣ በ1928ቱ ጦርነት የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበሩ የነበሩ ሰው ናቸው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርጉ ራስ እምሩ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆናቸው በሬዲዮ ተነገረ። አዲሱ አየር ኃይል ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ሆኖ በመቆየቱ አውሮፕላኖቹ በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ እየበረሩ የክብር ዘበኛን ጦር መቱ። የጦር አውሮፕላን የውጊያን ውጤት ሲወስን ራስ እምሩ ይህ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን አብራሪዎቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሙከራው ከከሸፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ራስ እምሩን አልቀጧቸውም።

የመጨረሻ ዘመንና ማስታወሻ

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብዙ መሳፍንት ሲገደሉና ሲታሰሩ ራስ እምሩ በአክብሮት ተይዘዋል። ነሐሴ 9 ቀን 1972 ዓ.ም. ሲያርፉም ደርግ የመንግሥት ቀብር አድርጎላቸዋል።

የሕይወት ማስታወሻቸው «ካየሁት ከማስታውሰው» በሚል ርእስ ከሞታቸው በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። የተከዜውን መርዝ የሚመለከተው ምስክርነታቸውም ጣሊያን ድርጊቱን በምትክድባቸው ዓመታት ሁሉ ከአዛዦች ወገን ከተሰጡት ዋና ማስረጃዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።