ሻርል ፍሪዴል፦ አዳማይትን ለዓለም ያሳወቁ የማዕድን ሊቅ

ሻርል ፍሪዴል እ.ኤ.አ. በ1832 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ ተወለዱ። በትውልድ ከተማቸው ከሉዊ ፓስተር ዘንድ ከተማሩ በኋላ ወደ ፓሪስ አቀኑ፤ በ1856ም የማዕድን ትምህርት ቤቱን የናሙና ስብስብ በኃላፊነት ተረከቡ።

በ1866 ዢልቤር ዦዜፍ አዳም ከተባሉ ማዕድን ሰብሳቢ፣ በቺሊ ከቻኛርሲዮ የብር ማውጫ የተገኘ ናሙና ደረሳቸው። ፍሪዴል ሲመረምሩት ዚንክ፣ አርሴኒክ፣ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን የያዘ፣ ከዚያ በፊት ያልተመዘገበ የአርሴኔት ማዕድን ሆኖ አገኙት። በሰብሳቢው ስምም ሰየሙት፤ ዛሬ አዳማይት በመባል ይታወቃል።

ይሁን እንጂ አቶሞች በክሪስታሉ ውስጥ እንዴት እንደተደረደሩ ማወቅ በዘመናቸው አይቻልም ነበር። ፍሪዴል በ1899 ካረፉ ከ13 ዓመታት በኋላ፣ ራጅ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ የአቶሞቹን አደራደር እንደሚገልጥ ታወቀ። ልጃቸው ዦርዥ ፍሪዴልም በ1913 ለዚሁ የጥናት ዘርፍ በስማቸው የሚጠራ ሕግ አበረከቱ። በዚህ ዘዴ በአዳማይት ውስጥ እያንዳንዱ አርሴኒክ በ4 ኦክስጅኖች፣ ዚንኩ ደግሞ ከፊሉ በ5 ከፊሉም በ6 ኦክስጅኖች የተከበበ መሆኑ ተረጋገጠ።

በሶፊም ሆነ በሌላ የሀገራችን አካባቢ እንግዳ ድንጋይ የሚያገኝ ዜጋ ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮችን ይረዳል። አንደኛው፣ ናሙና ለጥናት የሚበጀው የተገኘበት ቦታ በትክክል ሲመዘገብ ነው። ሁለተኛው፣ አዳማይት ቢጫና አረንጓዴ መልኩ ያማረ ቢሆንም በውስጡ ያለው አርሴኒክ መርዛማ ነው፤ ስለሆነም ምንነቱ ያልታወቀን ድንጋይ ከመፍጨት፣ ከመቅመስና በመጠጥ ውሃ ውስጥ ከመንከር መቆጠብ ይገባል።