ማርሴል ኮኸን

ማርሴል ኮኸን (ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1884 – ኖቬምበር 5 ቀን 1974 እ.ኤ.አ.) የአማርኛንና የፈረንሳይኛን ሰዋስው ያጠኑ ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ ነበሩ። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

ኮኸን ፓሪስ ተወልደው በታወቁት የቋንቋ ሊቅ በአንቷን ሜዬ ዘንድ ተማሩ። ከማርች 1910 እስከ ጁን 1911 ኢትዮጵያ ውስጥ ተቀምጠው ስለ አማርኛና ስለ ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ማስረጃ ሰበሰቡ። ከተመለሱም በኋላ ፓሪስ ውስጥ የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ለረጅም ዘመን አስተማሩ። አማርኛ ካስተማሯቸው መካከል ማርሴል ግሪዮል በ1932 የዳካር-ጅቡቲን የጥናት ጓድ እየመራ ጎንደር ገብቶ ለወራት ሠራ። ቮልፍ ሌስላውም በኋላ ሰፊ የአማርኛ ሰዋስው ለማዘጋጀት በቃ።

በ1940 የቪሺ መንግሥት አይሁዳውያንን ከመምህርነት ሲያግድ ኮኸንም አይሁዳዊ በመሆናቸው ሥራቸውን አጡ። በጀርመን ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ታገሉ። ፈረንሳይ ነጻ ስትወጣ ወደ ማስተማር ተመለሱ።

ሥራዎች

በ1924 ያሳተሙት ጥናት ሴማዊ ግሦች ጊዜን እንዴት እንደሚገልጹ ይመረምራል። በእነዚህ ቋንቋዎች የግሥ ቅርጽ ከሁሉ በፊት የሚለየው ድርጊቱ ማለቁን ወይም አለማለቁን ነው።

ይህ ነገር በሁኔታዊ ዓረፍተ ነገር ላይ በግልጽ ይታያል። አማርኛ «ነገ ከመጣ እነግረዋለሁ» ሲል፣ ነገሩ ገና የነገ ቢሆንም «መጣ» የሚለውን ያለቀ ድርጊት ቅርጽ ይወስዳል። ፈረንሳይኛ በዚሁ ቦታ፣ «ሲ» ከሚለው ቃል በኋላ፣ የአሁን ጊዜ ግሥ ያስገባል፤ ትንቢቱ የሚመጣው በዋናው ሐረግ ብቻ ነው። «ባውቅ ኖሮ ባልመጣሁ ነበር» በሚለው ደግሞ አማርኛ በሁለቱም ሐረግ ግሥ ላይ «ብ»ን ያስገባል። ፈረንሳይኛ ግን ከ«ሲ» በኋላ ኃላፊ ጊዜን አስቀምጦ «ኮንዲስዮኔል» የሚባለውን ቅርጽ ለዋናው ሐረግ ብቻ ይተወዋል። ስለዚህ አማርኛውን ቃል በቃል የሚከተል ተማሪ «ኮንዲስዮኔል»ን በሁለቱም ቦታ አስገብቶ ሊሳሳት ይችላል።

በ1936 የታተመው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው ከዋና ሥራዎቻቸው አንዱ ነው። በ1947 የፈረንሳይኛን ቋንቋ ታሪክ አሳተሙ፤ በኋላም ስለ ዘመናዊ ፈረንሳይኛ «ሱብዦንክቲፍ» መጽሐፍ ጻፉ። አማርኛንም ሆነ የገዛ ቋንቋቸውን ያጠኑት ሕዝቡ በሚናገረው መሠረት ነበር።