ሲሪማቮ ባንዳራናይኬ፦ በግዙፍ ጎረቤት አጠገብ የተመራ የደሴት ዲፕሎማሲ

የትንንሽ አገሮች የውጭ ግንኙነት በሚጠናበት ጊዜ ደጋግሞ የሚነሣው ጥያቄ፣ ትንሹ አገር ከግዙፉ ጎረቤቱ ጋር ሲደራደር ፈቃዱን እስከ ምን ድረስ ሊያስከብር ይችላል የሚለው ነው። ሕንድና ስሪ ላንካ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ ምሳሌ ይሆናሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ባሕር እጅግ በሚጠብበት ስፍራ ስፋቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በ1971 በተካሄዱት ቆጠራዎች የሕንድ ሕዝብ ከ540 ሚሊዮን ሲበልጥ የደሴቲቱ ሕዝብ ግን 13 ሚሊዮን አልሞላም ነበር። ይህን ሚዛን ይዘው ከሕንድ መሪዎች ጋር ለረጅም ጊዜ የተደራደሩት ሲሪማቮ ባንዳራናይኬ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሲሪማቮ ሚያዝያ 17 ቀን 1916 በራትናፑራ አውራጃ፣ ከካንዲ ባላባቶች ወገን ከሆነው የራትዋቴ ቤተሰብ ተወለዱ። ሃይማኖታቸው ቡድሂዝም ቢሆንም ትምህርታቸውን የተከታተሉት በኮሎምቦ በሚገኝ የካቶሊክ መነኮሳይት ትምህርት ቤት ነው። በ1940 ፖለቲከኛውን ሰሎሞን ባንዳራናይኬን አገቡ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ። በእነዚያ ዓመታት በገጠር ሴቶች ማኅበር ውስጥ በመሥራት የመንደሩን ኑሮ ለማወቅ ቻሉ። ባለቤታቸው በ1956 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በመስከረም 1959 ግን በአንድ የቡድሃ መነኩሴ ጥይት ተመትተው ሞቱ።

ከዚህ ሐዘን በኋላ የስሪ ላንካ የነጻነት ፓርቲ አመራር በሲሪማቮ እጅ ገባ። ፓርቲው በምርጫ በማሸነፉ ሐምሌ 21 ቀን 1960 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዓለም ላይ በዚህ ሥልጣን የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴትም እርሳቸው ናቸው። የአገር ውስጥ ፖሊሲያቸው የሲንሃላ ቋንቋን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ በሥራ ላይ ማዋልን ስለሚጨምር የታሚል ተወላጆችን ተቃውሞ ቀሰቀሰ። በውጭ ጉዳይ ግን ከሁለቱ የዓለም ጎራዎች አንዱንም ያለመወገንን መንገድ መረጡ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጭምር በተገኙበት በ1961ዱ የቤልግሬድ ጉባኤ አገራቸውን ወክለው ተሳትፈዋል።

ይህ መርሕ ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ። በ1962 መገባደጃ ሕንድና ቻይና በድንበር ጉዳይ ሲዋጉ፣ ሲሪማቮ የበርማን፣ የካምቦዲያን፣ የጋናን፣ የኢንዶኔዥያንና የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክን ተወካዮች በኮሎምቦ ሰበሰቡ። የጉባኤውን የሽምግልና ሐሳብ ይዘውም ወደ ቤጂንግና ወደ ኒው ዴልሂ ተጓዙ። ሕንድ ሐሳቡን ተቀበለች፤ ቻይና ግን በመርሕ ደረጃ ብቻ ተቀብላ ቅሬታዋን አስመዘገበች። ሽምግልናው የድንበሩን ክርክር ባይፈታም፣ ትንሿ ደሴት የጎረቤቷ ጥገኛ ሳትሆን የምትሰማ አገር መሆኗን አሳይቷል።

በሁለቱ አገሮች መካከል ሥር የሰደደው ችግር ግን የሻይ ተክል ሠራተኞች ጉዳይ ነበር። እንግሊዞች በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከደቡብ ሕንድ ያመጧቸው የታሚል ሠራተኞች ዘሮች በ1948 በወጣው የዜግነት ሕግ ምክንያት በአብዛኛው አገር አልባ ሆነው ቀርተው ነበር። የጃዋሃርላል ኔህሩ መንግሥት እነዚህ ሰዎች የሲሎን ኃላፊነት ናቸው በማለት ጸንቶ ቆየ። ኔህሩ በግንቦት 1964 ካረፉ በኋላ ሲሪማቮ ከተተኪያቸው ከላል ባሃዱር ሻስትሪ ጋር ተደራድረው ጥቅምት 30 ቀን 1964 ስምምነት ላይ ደረሱ። አገር አልባ ከነበሩት 975,000 ሰዎች ውስጥ 525,000 የሚሆኑት በ15 ዓመት ጊዜ ወደ ሕንድ እንዲሄዱ፣ 300,000 የሲሎንን ዜግነት እንዲያገኙ፣ የቀሪዎቹ 150,000 ዕጣ ደግሞ ወደፊት እንዲወሰን ተስማሙ። ለሲሪማቮ ይህ ታላቅ የዲፕሎማሲ ድል ነበር፤ ኔህሩ ያልተቀበሉትን ጉዳይ ሻስትሪ ተቀብለዋልና። ይሁንና ቁጥሩ የተከፋፈለው በሁለቱ መንግሥታት ጠረጴዛ ላይ እንጂ በሠራተኞቹ ፈቃድ አልነበረም። ብዙዎቹ ተወልደው ያደጉት በደሴቲቱ ሲሆን ሕንድን አይተዋት አያውቁም ነበር።

ስምምነቱ ከተፈረመ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1964፣ መንግሥታቸው በምክር ቤት በአንድ ድምፅ ተሸነፈ፤ የ1965ቱንም ምርጫ ተሸነፉ። በ1970 ከግራ ፓርቲዎች ጋር ተባብረው ወደ ሥልጣን ሲመለሱ በሚያዝያ 1971 የወጣቶች የትጥቅ ዐመፅ ገጠማቸው። ሕንድ ሄሊኮፕተሮችንና የጦር መርከቦችን ላከች። ሲሪማቮ ግን እርዳታውን ከአንድ ወገን ብቻ አልጠየቁም፤ ከፓኪስታን፣ ከብሪታንያና ከሶቭየት ኅብረትም ተቀብለዋል። በዚያው ዓመት ሕንድ የአየር ክልሏን ለፓኪስታን አውሮፕላኖች በዘጋች ጊዜ፣ ወደ ምሥራቅ ፓኪስታን የሚጓዙት አውሮፕላኖች በኮሎምቦ ነዳጅ እንዲቀዱ ፈቀዱ። ይህም ኒው ዴልሂን አላስደሰተም። በዚሁ በ1971 ታኅሣሥ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ፣ በእርሳቸው መንግሥት አመንጪነት የቀረበውን የሕንድ ውቅያኖስ የሰላም ቀጠና ይሁን የሚል ውሳኔ አጸደቀ። በሦስቱም እርምጃዎች የሚታየው አንድ ዓላማ ነው፤ ይኸውም ከጎረቤት ጋር ሳይጣሉ በጎረቤት እጅ ብቻ አለመውደቅ።

አገሪቱ በግንቦት 1972 ሪፐብሊክ ሆና ስሪ ላንካ ከተባለች በኋላ ሲሪማቮ ከኢንዲራ ጋንዲ ጋር የነበራቸው የግል ወዳጅነት ፍሬ አፈራ። በጥር 1974 የቀሩትን 150,000 ሰዎች ሁለቱ አገሮች እኩል፣ 75,000 በነፍስ ወከፍ አገር፣ እንዲካፈሉ ተስማሙ። በሰኔ 1974 ደግሞ የፖልክ ባሕር ድንበር ሲወሰን የካቻቲቩ ደሴት በስሪ ላንካ በኩል ዋለች። ካቻቲቩ ሰው የማይኖርባትና ስፋቷ ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ናት፤ የቅዱስ እንጦንዮስን ዓመታዊ በዓል ለማክበር ግን ከሁለቱም ዳርቻዎች ምእመናን ይሄዱባታል። በመጋቢት 1976 የቀረው ባሕር ድንበር ተወሰነ፤ የአንዱ አገር ዓሣ አስጋሪዎች በሌላው ክልል እንዳያሰግሩም ተደረገ። የታሚል ናዱ ፖለቲከኞች የደሴቲቱን መሰጠት ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውም የስምምነቱን ፈራሚዎች ዕድሜ ተሻግሮ ቀጠለ። በነሐሴ 1976 ኮሎምቦ አምስተኛውን የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ስታስተናግድ የሲሪማቮ ዓለም አቀፍ ክብር ከጫፍ ደርሶ ነበር።

ውድቀታቸውም ሩቅ አልነበረም። በሐምሌ 1977 በከባድ ሽንፈት ከሥልጣን ወረዱ፤ በ1980 የዜግነት መብታቸው ተገፈፈ፤ የተመለሰላቸውም በ1986 ነው። የሕንድ ወታደሮች ወደ ደሴቲቱ እንዲገቡ ያደረገውን የሐምሌ 1987 ስምምነት በጽኑ ተቃወሙ። በ1988 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው አልተሳካላቸውም። ልጃቸው ቻንድሪካ በ1994 ፕሬዚዳንት ስትሆን ለሦስተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ዋናው ሥልጣን ግን በዚያን ጊዜ የፕሬዚዳንቱ ነበር። በነሐሴ 2000 ሥራቸውን ለቀቁ፤ ጥቅምት 10 ቀን 2000፣ በምክር ቤት ምርጫ ዕለት፣ ድምፃቸውን ሰጥተው ሲመለሱ በ84 ዓመታቸው ዐረፉ።

የሲሪማቮ ሥራ ሲመዘን ሁለት ገጽታ ይታይበታል። በአንድ በኩል፣ ሲሪማቮ በሠራዊትም በሀብትም ሊፎካከሩት ከማይችሉት ጎረቤት፣ ጊዜን በመምረጥ፣ የወዳጆችን ቁጥር በማብዛትና በመሪዎች መካከል መተማመንን በመገንባት የባሕር ድንበርን ያህል ጉዳይ በስምምነት አስወስነዋል። በሌላ በኩል፣ ስምምነቶቹ በሁለት መሪዎች መቀራረብ ላይ የቆሙ በመሆናቸው በቀጥታ የሚነካቸው ሰዎች፣ ማለትም የሻይ ተክል ሠራተኞቹና የሁለቱ ዳርቻ ዓሣ አስጋሪዎች፣ በድርድሩ ስፍራ አላገኙም። ውጤቱም በጊዜ ታየ። ወደ ሕንድ የሚደረገው የሰዎች ዝውውር ሳይፈጸም ከ1983 ሁከት በኋላ ተቋረጠ፤ በደሴቲቱ የቀሩት አገር አልባ ሰዎች ጉዳይ መቋጫ ያገኘው ሲሪማቮ ካረፉ በኋላ፣ በ2003 በወጣ የዜግነት ሕግ ነው። በፖልክ ባሕርም የዓሣ አስጋሪዎች ግጭት እስከ ዛሬ አልበረደም። ስለዚህ የእርሳቸው ታሪክ የሚያስተምረው ትንሽ አገር ከትልቅ ጎረቤቱ ጋር በእኩልነት መፈራረም እንደሚችል ብቻ አይደለም፤ ፊርማ የሚጸናው የሚመለከታቸው ሰዎች የእኔ ሲሉት መሆኑንም ጭምር ነው።