የሩዶልፍ ዲዝል ሕይወትና የሞተሩ ዕጣ

በአገራችን ጋራዦች የናፍታ ሞተር ሲባል ነዳጁን እንጂ ሰውዬውን የሚያስታውስ እምብዛም አይገኝም። ናፍታ የሚለውን ቃል ከጣሊያኖች ስለ ወሰድን፣ ሌላው ዓለም በየማደያው የሚጽፈው የዲዝል ስም በእኛ ዘንድ ሁለተኛ ሆኖ ቀርቷል። ከዚህም የተነሣ ዲዝል የአንድ ዘይት ስም የሚመስለው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ዲዝል ግን ሰው ነው፤ ያውም በስደት ያደገ፣ በነፃ የትምህርት ዕድል የተማረ፣ ሚሊዮን ማርክ ቆጥሮ ባዶ ኪስ የሞተ ሰው ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሩዶልፍ ዲዝል የተወለደው ማርች 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ነው። ወላጆቹ ከባቫሪያ መጥተው በዚያ የተቀመጡ ጀርመኖች ሲሆኑ፣ አባቱ ቴዎዶር መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ነበር። ልጁም የተሠራውን ዕቃ በእጅ ጋሪ እየገፋ ለደንበኞች ያደርስ ነበር። በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሣ ጀርመኖች ሁሉ ከፓሪስ እንዲወጡ ስለ ተደረገ፣ ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ። ኑሮው ግን አልሆን አለ። ስለዚህ የ12 ዓመቱ ሩዶልፍ አውግስቡርግ ወደሚኖሩት ዘመዶቹ ብቻውን ተላከ። ያሳደጉት ባርኒከል የተባሉ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። በፈረንሳይ ጀርመናዊ፣ በጀርመን ደግሞ ፓሪስ የተወለደ ባዕድ ሆኖ የኖረ ልጅ ነበር ማለት ይቻላል።

ወላጆቹ ትምህርቱን ቶሎ ጨርሶ ሥራ እንዲይዝላቸው ይመኙ ነበር። እርሱ ግን በ1875 የሙኒክ ፖሊቴክኒክ የነፃ ትምህርት ዕድል ሲሰጠው ፈቃዳቸውን ሳይጠብቅ ተቀበለ። በዚያም የማቀዝቀዣ መሣሪያ አባት የሚባሉት ፕሮፌሰር ካርል ፎን ሊንደ አስተማሩት። ሊንደ በ1878 ባደረጉት ገለጻ የእንፋሎት ሞተር ከሚቃጠለው ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ አሥር እጅ እንኳ እንደማይሞላና የቀረው በከንቱ እንደሚጠፋ አስረዱ። ዲዝል ይህን ሲሰማ ከደብተሩ ጠርዝ ላይ ለራሱ ማስታወሻ ጻፈ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቡ አለቀቀውም። በ1879 የመጨረሻው ፈተና ሲደርስ የአንጀት ተስቦ ያዘውና ከጓደኞቹ ጋር መፈተን አልቻለም። የሚቀጥለውን ፈተና ሲጠብቅ ግን ቁጭ አላለም፤ ስዊስ አገር ቪንተርቱር በሚገኘው የዙልትሰር ወንድማማቾች ፋብሪካ በእጁ ሠራ። በጃንዋሪ 1880 ተፈትኖ በከፍተኛ ማዕረግ አለፈ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት በሊንደ ድርጅት ሥር በፓሪስ ከበረዶ ፋብሪካ ጋር ያለፉ ናቸው። በ1883 ማርታ ፍላሸን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ። በማቀዝቀዣ ሥራ ላይ ሆኖ የሚፈለስፈው ሁሉ የአሠሪው በመሆኑ፣ የራሱ የሆነ ነገር ለማግኘት ወደ ሞተር ዞረ። በመጀመሪያ በውሃ እንፋሎት ፈንታ በአሞኒያ እንፋሎት የሚሠራ ሞተር ሞከረ። በአንዱ ሙከራ መሣሪያው ፈንድቶ ለሞት አደረሰው፤ ጤናውና ዓይኑ ከዚያ ወዲህ ሙሉ አልሆኑም። በ1890 ወደ በርሊን ተዛወረ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሐሳብ እንምጣ። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሁሉ ፓምፑ ጫፉ ላይ እንደሚሞቅ ያውቃል፤ አየር ሲጨመቅ ይግላልና። ዲዝል ይህን አየር በሲሊንደር ውስጥ እጅግ አብዝቶ ቢጨምቀው፣ ነዳጁ እንደ ገባ ያለ ካንዴላና ያለ እሳት በራሱ እንደሚቀጣጠል አሰላ። ማቀጣጠሉ ብቻ አይደለም ቁም ነገሩ። መጭመቁ በበዛ ቁጥር ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻ ይጨምራል። የቤንዚን ሞተር አየሩን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅሎ ስለሚጨምቅ ብዙ ሊጨምቅ አይችልም፤ ያለ ጊዜው ይፈነዳበታል። ዲዝል ግን አየሩን ለብቻው ጨምቆ ነዳጁን በመጨረሻዋ ቅጽበት ስለሚያስገባ ከዚህ ችግር ዳነ። በ1892 ፓተንት ጠየቀ፤ በ1893 ተፈቀደለት፤ በዚያው ዓመት ንድፈ ሐሳቡን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ።

እዚህ ላይ ለእርሱ ስንል እውነቱን መሸፈን አይገባንም። በመጽሐፉ የተነደፈውና በኋላ የሠራው ሞተር አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ስሌት አየሩ እስከ 250 አትሞስፌር ድረስ ሊጨመቅ፣ ነዳጁም ሙቀቱ ከፍ ሳይል ሊቃጠል ነበር የታሰበው። ይህን ያህል ግፊት የሚችል ሞተር በዚያን ጊዜ የሚሠራ አልነበረም፤ ቢሠራም ጉልበቱ የራሱን ሰበቃ እንኳ ባላሸነፈ ነበር። ዲዝል ስሕተቱን ቶሎ ተረድቶ በዚያው በ1893 ሁለተኛ ፓተንት አስገባ እንጂ በአደባባይ አላመነም። ይህ ዝምታ በኋላ ብዙ አስከፈለው።

የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካ ኃላፊ ሃይንሪሽ ፎን ቡትስ ቦታና ሠራተኛ፣ የክሩፕ ኩባንያ ደግሞ ገንዘብ ሰጡት። ኦገስት 10 ቀን 1893 የመጀመሪያው ሙከራ ተደረገ። ሞተሩን ከውጭ በፋብሪካው ቀበቶ እያዞሩ ነዳጅ ሲያስገቡበት፣ ግፊቱ 80 አትሞስፌር ያህል ደርሶ መለኪያው ፈነዳ፤ ስባሪውም ከሰዎቹ ራስ አጠገብ አለፈ። ሞተሩ ገና በራሱ አልዞረም፤ ነገር ግን ነዳጁ ያለ እሳት መቀጣጠሉ ታየ። ፌብሯሪ 17 ቀን 1894 ደግሞ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ዞረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ የነዳጅ አገባብ፣ የቫልቭና የማሸጊያ ትግል ነው፤ ሦስት ዓመት ፈጅቷል። በፌብሯሪ 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ሞተሩን በይፋ መረመሩት። የሲሊንደሩ ስፋት 25 ሳንቲ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጉልበቱ ወደ 18 የፈረስ ጉልበት፣ ዙሩ በደቂቃ 150 ከፍ ያለ ነበር። ከነዳጁ ሙቀት ውስጥ 26.2 ከመቶው ወደ ሥራ ተለወጠ። በጊዜው ይህን የሚያህል ሞተር በዓለም አልነበረም።

ዝናና ገንዘብ እንደ ጎርፍ መጡ። የአሜሪካው ቢራ ጠማቂ አዶልፈስ ቡሽ ለአሜሪካ መብቱ አንድ ሚሊዮን ማርክ ከፈለ። በ1898 አንድ ኩባንያ ፓተንቶቹን በ3.5 ሚሊዮን ማርክ ተረከበ። በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ሞተሩ ታላቁን ሽልማት አገኘ፤ ከቀረቡትም አንዱ በኦቾሎኒ ዘይት ሠርቷል።

ይሁንና ሞተሩ ሳይበስል ነበር ለገበያ የወጣው። በኬምፕተን ለአንድ የክብሪት ፋብሪካ በ1898 የተተከለው የመጀመሪያው ባለ 60 ጉልበት ሞተር አላሠራ ብሎ መካኒኮችን አመላለሰ። ነዳጁ የሚገባው በተጨመቀ አየር እየተነፋ ስለ ነበረ ሞተሩ የራሱን ትልቅ መጭመቂያ መሸከም ነበረበት፤ ይህም መጭመቂያ የብልሽት ሁሉ ምንጭ ነበር። በስሙ አውግስቡርግ የተቋቋመው የሞተር ፋብሪካም አልተሳካለትም። ከሌሎች የፈጠራ ባለመብቶች ጋር ክርክሩ በዛ፤ ዲዝልም አእምሮው ደክሞ በ1898 ማረፊያ ቤት ገባ። ገንዘቡን በሙኒክ መሬትና በጋሊሲያ የነዳጅ ጉድጓዶች ላይ አፈሰሰው፤ ሁለቱም በሉት። በሙኒክ ያሠራው ቪላ ግን እንደ ቆመ ነው፤ አገሬው ሀብታም እንደ ሆነ ያምን ነበር። በ1903 ሠራተኞች ጥቂት ጥቂት እያዋጡ የራሳቸውን ፋብሪካ ስለሚያቋቁሙበት መንገድ መጽሐፍ አሳተመ። የገዛው ሰው ጥቂት ነው። በእኛ አስተያየት፣ ትልቁ ሞተር የትልቅ ከበርቴ ብቻ ሆኖ ትንሹን ባለ እጅ እንዳያጠፋ ማሰቡ ከልብ የመነጨ ነበር።

ሞተሩ በመጨረሻ የተሳካለት በባሕር ላይ ነው። በ1912 የዴንማርኳ መርከብ ሴላንዲያ በዲዝል ሞተር ረጅም ጉዞ ስታደርግ የእንፋሎት ዘመን ማክተሚያ መድረሱ ታየ። በዚያው ዓመት ዲዝል በበርሊን ስለ ሞተሩ አመጣጥ ሲናገር ተቺዎቹ ያንን የድሮ ዝምታ አነሡበት። በ1913 ሉደርስ የተባለ ፕሮፌሰር የዲዝል ዝና ተረት ነው የሚል መጽሐፍ አወጣ።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ማታ ዲዝል ለእንግሊዝ ኩባንያ ስብሰባ ለመድረስ ከአንትወርፐን ወደ ሃርዊች በምትሄደው ድሬስደን መርከብ ተሳፈረ። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ራት በልቶ፣ ማለዳ እንዲቀሰቅሱት ነግሮ ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ወደ ክፍሉ ገባ። ሲነጋ አልጋው አልተተኛበትም፤ ባርኔጣውና ካፖርቱ ከመርከቡ ወለል ላይ ተገኙ። ከአሥር ቀን በኋላ የሆላንድ መርከበኞች ሬሳ አግኝተው ከኪሱ ጥቂት ዕቃ ወስደው መልሰው ለባሕሩ ተዉት። የመነጽር ቤቱንና ቢላዋውን አይቶ የአባቴ ነው ያለው ልጁ ኦይገን ነው። ሚስቱ ከጉዞው በፊት የሰጣትን ሻንጣ ስትከፍት 20,000 ማርክና የዕዳ ወረቀት አገኘች። እንግሊዞች ገደሉት፣ የነዳጅ ነጋዴዎች ገደሉት የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ የሂሳቡ ደብተር ግን ለእኛ ከወሬው ይልቅ ይናገራል።

ሞተሩ ወደ መኪና ለመግባት ሌሎች ሰዎች አስፈለጉት። ያ ከባድ የአየር መጭመቂያ እስኪወገድና ሮበርት ቦሽ በ1927 የነዳጅ መግፊያ ፓምፑን በብዛት ማምረት እስኪጀምር ድረስ፣ በትንሽ መኪና ላይ መጫን ከንቱ ነበር። በ1936 መርሴዲስ ባለ 2.6 ሊትር፣ ባለ 45 ጉልበት የናፍታ አውቶሞቢል አወጣ። ተርቦውን ደግሞ የቪንተርቱር ተወላጅ የሆነው አልፍሬድ ቡኺ በ1905 ፓተንት አስመዝግቦለት ነበር፤ በሚወጣው ጭስ ግፊት ተርባይን አዙሮ፣ በዚያው ዘንግ አየር ወደ ሲሊንደሩ መንፋት። በመርከቦች ላይ የተሳካው ሃያ ዓመት ቆይቶ ነው። በቤት አውቶሞቢል ላይ ግን በ1978 መርሴዲስ 300 ኤስዲ ላይ ታየ፤ ባለ አምስት ሲሊንደር፣ ባለ 3 ሊትር፣ ያለ ተርቦ 80 ገደማ የነበረው ጉልበት ወደ 115 ገደማ ከፍ ያለለት።

ከእኛ መካከል የቴክኒክ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁት፣ ተርቦውን ከአንዱ ፈትቶ ተርቦ ለሌለው ሞተር መግጠም ይቻላል ወይ የሚለውን ነው። የዚያው የ300 ኤስዲ ሞተር መልስ ይሰጣል። ፋብሪካው ተርቦ ሲጨምርበት ፒስተኖቹን ከሥር በዘይት እንዲቀዘቅዙ አድርጓል፤ የጭስ ቫልቮቹን በሶዲየም ሞልቷል፤ ዋናውን ዘንግ አጠንክሯል። ይህ ሳይደረግ የገጠመ ሰው ጥቂት ወር ደስ ብሎት ይነዳል፤ ከዚያ ፒስተኑ ይቀልጣል ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይነፋል። ፓምፑም ቢሆን የሲሊንደሩ ቁጥር ስለ ገጠመ ብቻ አይለዋወጥም፤ የሚገፋው መጠንና ሰዓቱ ከሞተሩ ጋር መጣጣም አለበት።

ተርቦውን ብዙ ጊዜ የሚገድለው ዘይት ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ሊዞር ስለሚችል፣ ከረጅም ዳገት በኋላ ወዲያው ቢያጠፉት በመሸከሚያው ውስጥ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ ይጠቁራል፤ ጥቂት በቀስታ አዙሮ ማጥፋት ያድነዋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ነዳጅ መብዛቱን ያሳያል፤ ስለዚህ ተርቦውን ከመፍታት በፊት የአየር ማጣሪያውንና ጎማ ቱቦዎቹን ማየት ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቀድሞ ከአሰብ ተጭነው የሚወጡ ተርቦ አልባ የጭነት መኪናዎች ደጋውን ሲጀምሩ ጥቁር ጭስ የሚተፉት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ፓምፑ የቆላውን ያህል ነዳጅ ይሰጣል፣ አየሩ ግን ጎድሏል። ተርቦ ያለው ሞተር የጎደለውን አብዛኛውን መልሶ ስለሚነፋ ያንኑ ዳገት በተሻለ ጉልበት ይወጣል።